ከአዊ ተነሥቶ አብራሪ መሆን፦ ሥልጠናውና የመጀመሪያው ሥራ

እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ፊዚክስ የሚያስተምር መምህር "ቲቸር፣ ፓይለት ለመሆን ምን ያስፈልጋል?" የሚል ተማሪ አያጣም። ብዙ ጊዜ ጥያቄው በሳቅ ይታለፋል፤ ካልሆነም "ጎበዝ ሁን" ተብሎ ይዘጋል። ልጁ ግን የጠየቀው በቅደም ተከተል ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። ስንት ዓመት ይፈጃል? ማን ይከፍላል? ምን ዓይነት ፈተና አለው? ሲያልቅስ ማን ይቀጥራል?

ይህን ማብራሪያ ያዘጋጀሁት ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በዚህ ሙያ የመጀመሪያው ሥራ በአብዛኛው የሚወሰነው ሥልጠናው በየትኛው በር እንደተጀመረ ነው። ስለዚህ "የት ልሠልጥን?" ከማለታችሁ በፊት "ከሠለጠንኩ በኋላ ማን ይቀጥረኛል?" በሉ። ይህን ቀድሞ የጠየቀ ቤተሰብ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዓመት ያተርፋል።

ሁለቱ ወንበሮች

የመንገደኞች አውሮፕላን ቢያንስ ሁለት አብራሪዎች ይዞ ይነሣል። በግራ ወንበር ካፒቴኑ ይቀመጣል፤ የበረራው ኃላፊ እሱ ነው። በቀኝ ወንበር ረዳት አብራሪው ይቀመጣል። ረዳት ቢባልም ሙሉ ፈቃድ ያለው አብራሪ ነው። በአንዱ በረራ ካፒቴኑ ሲያበር ረዳቱ ሬዲዮውን ይይዛል፣ መሣሪያዎቹን ይከታተላል፤ በሌላው ሥራውን ይቀያየራሉ። ረዳቱ ካፒቴኑ ሲሳሳት ካየም ዝም የማለት መብት የለውም። አንድ ተመራቂ በአየር መንገድ የሚያገኘው የመጀመሪያ ሥራ ይህ የቀኝ ወንበር ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 መጨረሻ ተቋቁሞ በ1946 የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ አብራሪዎቹ አሜሪካውያን ነበሩ። ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ እ.ኤ.አ. በ1957 የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአየር መንገዱ ካፒቴን ሆኑ። የአብራሪዎች ማሠልጠኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡ ሠልጣኞችንም ያስተምራል። ሌላው ባሕር ተሻግሮ የሚፈልገው ትምህርት ቤት ለአዊ ልጅ አዲስ አበባ ላይ አለ።

ፈቃዱ በደረጃ ይገኛል

የአብራሪ ፈቃድ በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ወረቀት አይደለም። በአገራችን ፈቃዱን የሚሰጠው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደግሞ ማንም አገር ሊያወርደው የማይገባ ዝቅተኛ መለኪያ አስቀምጧል። ደረጃዎቹ እነዚህ ናቸው፦

• የግል አብራሪ ፈቃድ፦ ዕድሜ ቢያንስ 17፣ የበረራ ሰዓት በመደበኛ 40። በዚህ ፈቃድ ተከፍሎ መሥራት አይቻልም።

• የንግድ አብራሪ ፈቃድ፦ ዕድሜ ቢያንስ 18፣ የበረራ ሰዓት 200፤ በታወቀ ማሠልጠኛ ሙሉውን ኮርስ ለተከታተለ 150። ደመወዝ የሚያስገኘው የመጀመሪያው ፈቃድ ይህ ነው።

• የመሣሪያ በረራና የሁለት ሞተር ብቃት፦ በደመናና በጨለማ ውጭውን ሳያዩ በመሣሪያ ብቻ መብረር፣ እንዲሁም ከአንድ በላይ ሞተር ያለውን አውሮፕላን ማብረር። እነዚህ ሳይጨመሩበት የንግድ ፈቃዱ ብቻውን ለአየር መንገድ አይበቃም።

• የአየር መንገድ ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ፦ ዕድሜ ቢያንስ 21፣ የበረራ ሰዓት 1,500። ካፒቴን ለመሆን የሚያስፈልገው ይህ የመጨረሻው ነው። ረዳት አብራሪው ሰዓቱን እየሠራ ያጠራቅማል።

ሥልጠናው የሚጀምረው ከመማሪያ ክፍል ነው። ሠልጣኙ ክንፍ አውሮፕላንን እንዴት እንደሚያነሣ፣ የአየር ጠባይ ትምህርት፣ አቅጣጫና ርቀት ማስላት፣ የሞተርና የኤሌክትሪክ ሥርዓት፣ የአየር ሕግ፣ የሰው አካልና አእምሮ በበረራ ላይ የሚያሳየውን ድካም ይማራል፤ በእያንዳንዱም ይፈተናል። ከዚያ እንደ ሴስና 172 እና ዳይመንድ ዲኤ 40 ባሉ ባለ አንድ ሞተር ትንንሽ አውሮፕላኖች ከአሠልጣኝ ጋር ይነሣል። አሠልጣኙ ሠልጣኙን ካመነበት አንድ ቀን ይወርድና ብቻውን ይልከዋል። በቀጣይ የሌሊት በረራው፣ ከከተማ ከተማ ጉዞው፣ የሁለት ሞተሩ አውሮፕላንና ሲሙሌተሩ (በምድር ላይ በረራን አስመስሎ የሚያሠለጥነው መሣሪያ) ይከተላሉ። ሁሉም ተደምሮ ብዙ ጊዜ ዓመት ተኩል ወይም ሁለት ዓመት ይወስዳል።

ጤናችሁን በመጀመሪያ አስመርምሩ

የንግድ አብራሪ አንደኛ ደረጃ የሕክምና ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ይህ ወረቀት አንዴ ተሰጥቶ የሚቀር ሳይሆን በሙያው እስካለ ድረስ በየጊዜው የሚታደስ ነው። ልብ፣ ጆሮ፣ ሳንባ፣ ስኳር፣ የአእምሮ ጤና ይታያሉ። ዓይን በተለይ ይፈተሻል። በዓለም አቀፉ መለኪያ እያንዳንዱ ዓይን በመነጽርም ቢሆን 6/9 ማየት አለበት፤ ስለዚህ መነጽር ማድረግ ብቻውን ከሙያው አያስወጣም። ቀጣሪው ግን ከዚህ ጠበቅ ያለ መስፈርት ሊያወጣ ይችላል።

ብዙ ወጣት ሳያውቀው የሚኖረው ችግር ቀለም መለየት አለመቻል ነው። ከሴቶች ይልቅ በወንዶች ላይ በብዛት ይታያል። ቀይና አረንጓዴን በደንብ የማይለይ ልጅ ሕይወቱን ሙሉ ምንም ላይጎድልበት ይችላል፤ የማኮብኮቢያ መብራት ማንበብ ላይ ግን ይቸገራል። የዓይን ክፍል ባለው ሆስፒታል በነጠብጣብ ሥዕሎች የሚደረገው ምርመራ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ልጅ ተስፋውን ሁሉ በዚህ ሙያ ላይ ከመጣሉ በፊት ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። ወላጆች፣ እባካችሁ ከማንኛውም ክፍያ ይህን አስቀድሙ።

እንግሊዝኛው ለፈተና ብቻ አይደለም

ዓለም አቀፉ ድርጅት የአብራሪን የእንግሊዝኛ ችሎታ በስድስት ደረጃ ይመዝናል። ወደ ሌላ አገር ለመብረር ቢያንስ 4ኛው ደረጃ ያስፈልጋል፤ 4ኛ ያገኘ በየሦስት ዓመቱ፣ 5ኛ ያገኘ በየስድስት ዓመቱ እንደገና ይመዘናል። የሚመዘነው የሚነገረውና የሚደመጠው ቋንቋ ነው። አነጋገር፣ ሰዋስው፣ የቃላት ብዛት፣ ሳይደናቀፉ መናገር፣ ሰምቶ መረዳትና መልስ መስጠት አንድ በአንድ ይታያሉ።

ምክንያቱ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች በጭጋግ ውስጥ ማኮብኮቢያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች ሞተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ በአብራሪዎቹና በመቆጣጠሪያ ማማው መካከል የነበረው ያልጠራ የሬዲዮ ንግግር ነበር። ከዚያ ወዲህ የሬዲዮ አነጋገሩ ይበልጥ ጠበቀ። ማማው ከፍታ፣ አቅጣጫ ወይም የማኮብኮቢያ ቁጥር ሲሰጥ አብራሪው ያንኑ ቁጥር መልሶ ይናገራል፤ ከተሳሳተ ወዲያው ይታረማል።

የአዊ ልጅ ብዙ ጊዜ ቤቱ አውኚ፣ ገበያው አማርኛ፣ ክፍሉ እንግሊዝኛ ነው። ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መሻገር ለእሱ አዲስ ነገር አይደለም። የሚጎድለው በእንግሊዝኛ መናገር ነው፤ ሰዋስው አውቆ አፉን የማይከፍት ተማሪ ሞልቶናል። ከጓደኛችሁ ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀመጡና አንዱ አምስት ቁጥርና ሁለት ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ይናገር፣ ሌላው ሳይጽፍ መልሶ ይበል። ፊት ሳያዩ መስማማት ለሬዲዮ ጥሩ ልምምድ ነው።

ሦስት በሮች

የመጀመሪያው በር የአየር መንገዱ የራሱ ሠልጣኝ መሆን ነው። አየር መንገዱ አብራሪ ሲፈልግ የሠልጣኝ ማስታወቂያ ያወጣል። የዕድሜ፣ የቁመት፣ የትምህርት ደረጃና የውጤት መስፈርቱ በማስታወቂያው ላይ ይሰፍራል። ከጊዜ ጊዜ ስለሚለያይ የአምናውን ይዞ መዘጋጀት አያዋጣም። የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የተጠየቀበት ጊዜ ስላለ ከ12ኛ ክፍል በኋላ በእንጅባራ ወይም በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ ወይም ምህንድስና መማር ከመንገዱ አያስወጣችሁም። ከምዝገባ በኋላ የጽሑፍ ፈተና፣ ቃለ መጠይቅና የሕክምና ምርመራ አለ። ያለፈው ሠልጣኝ ውል ይፈርማል፣ ዋስ ያቀርባል፣ ተመርቆም የተወሰነ ዘመን የማገልገል ግዴታ ይገባል። እዚህ በር ላይ ውድድሩ ብርቱ ነው፤ ያለፈ ግን ቀጣሪውን ገና ሲጀምር አግኝቷል።

ሁለተኛው በር በራስ ገንዘብ መሠልጠን ነው። የአየር መንገዱ ማሠልጠኛም ከፍለው የሚማሩትን ይቀበላል፤ እንደ አቢሲኒያን በረራ አገልግሎት ያሉ የግል ድርጅቶችም አዲስ አበባ ላይ አሉ። ደቡብ አፍሪካ፣ አሜሪካ ወይም አውሮፓ ሄደው የሚማሩም አሉ። ወጪው በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ 100 ሺህ ዶላር ሊያልፍ ይችላል። ከዚህ በር የወጣ ሰው በእጁ ፈቃድ ይኖረዋል፤ ሥራውን ግን ከዚያ በኋላ ነው የሚፈልገው።

ሦስተኛው በር አየር ኃይል ነው። ማዕከሉ ቢሾፍቱ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን ካበረሩት የቀደሙ ካፒቴኖች ብዙዎቹ በአየር ኃይል አልፈዋል። ይህን በር የሚመርጥ ግን በመጀመሪያ ወታደር፣ ቀጥሎ አብራሪ መሆኑን አውቆ ይግባ፤ ወደ አየር መንገድ መሸጋገሪያ አቋራጭ አድርጎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው።

መሬት ወይም ዲከረንስ ከመሸጣችሁ በፊት

በአዊ ወረዳዎች ፋግታ ለኮማና ባንጃ ላይ የዲከረንስ ዛፍ ማሳ የቤተሰብ ባንክ ነው። ያንን ማሳ ሸጦ ልጅን ለማሠልጠን የሚያስብ አባት ልቡ ትልቅ ነው፤ ስለሆነም ትክክለኛ መረጃ ይገባዋል። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት የሚከተሉት በጽሑፍ ይመለሱ፦

• ማሠልጠኛውን የአገሩ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ያውቀዋል? ፈቃዱ ዘንድሮ የጸና ነው?

• ዋጋው እስከ የትኛው ፈቃድ ያደርሳል? የመሣሪያና የሁለት ሞተር ብቃት አለበት? ፈተና የወደቀ የሚደግመው በማን ወጪ ነው?

• ስንት አውሮፕላን፣ ስንት ሠልጣኝ አላቸው? አውሮፕላን ባነሰ ቁጥር ሠልጣኝ ወረፋ ይጠብቃል፤ የአንድ ዓመት ተኩሉ ኮርስ ይራዘማል፣ የቤት ኪራይና ቀለብ ይጨመራል።

• ባለፈው ዓመት የተመረቁት አሁን የት ይሠራሉ? ሁለት ሦስቱን አግኝቶ ማነጋገር ይቻላል?

• ፈቃዱ የውጭ ከሆነ ወደ ኢትዮጵያ ፈቃድ ለመለወጥ ምን ተጨማሪ ፈተናና ሰዓት ይጠየቃል?

"ገንዘብ ስጠኝና አየር መንገድ አስገባሃለሁ" የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግም፤ አጭበርባሪ ነው። ለውድድር ለመመዝገብ ለማንም ደላላ አይከፈልም።

የመጀመሪያው ሥራ ከውስጥ ሲታይ

የንግድ ፈቃድ የያዘ ተመራቂ በማግሥቱ ቦይንግ አያበርም። ቀጣሪው በመጀመሪያ ለአንድ የተወሰነ አውሮፕላን ያሠለጥነዋል፤ ይህ ታይፕ ሬቲንግ ይባላል። አብዛኛው ሥልጠና በሲሙሌተር ነው። አንድ ሞተር ሲነሡ ቢጠፋ፣ ጢስ ቢገባ፣ የአየር ግፊት ቢወርድ እየተባለ ይፈተናል። ቀጥሎ መንገደኛ በጫነ አውሮፕላን ከአሠልጣኝ ካፒቴን ጋር ይበራል። ካለፈ በኋላም እረፍት የለም፤ በየስድስት ወሩ ሲሙሌተር ገብቶ ብቃቱን ያሳያል። ይህ ሃያ ዓመት ላገለገለ ካፒቴንም አይቀርም።

የዕድገቱን መንገድ በካፒቴን አምሳለ ጓሉ እንየው። ባሕር ዳር ተወልደው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ተምረዋል። በረዳት አብራሪነት ስምንት ዓመት ሠርተዋል፤ በመጀመሪያ በፎከር 50፣ ቀጥሎ በትልልቆቹ ቦይንግ 757 እና 767። ከዚያ በጥቅምት 2003 ዓ.ም. የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። ካፒቴን ሆነው የመጀመሪያ በረራቸውን ወደ ጎንደርና አክሱም ያደረጉት ግን ከቦይንጎቹ በምታንሰው ቦምባርዲየር ኪው 400 ነው። መሰላሉ እንዲህ ነው፤ በቀኝ ወንበር ከትንሽ ወደ ትልቅ አውሮፕላን ይወጣል፣ ወደ ግራ ወንበር ሲሻገሩ እንደገና ከትንሹ ይጀመራል። ለሴት ተማሪዎቻችን ይህን ታሪክ በሙሉ ልብ ልነግራቸው እችላለሁ፤ መንገዱ ተሄዶበታል።

በራሱ ከፍሎ የሠለጠነ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአነስተኛ ድርጅቶች ነው። እንደ ሴስና ካራቫን ባሉ አውሮፕላኖች ሕሙማን ማጓጓዝ፣ የእርዳታ ሠራተኞችን ወደ ሩቅ ማረፊያዎች ማድረስ፣ የአየር ላይ ጥናት፣ የሰብል ርጭት፣ ወይም አሠልጣኝነት አለ። በአሜሪካ አዲስ አብራሪ ሰዓት የሚያጠራቅመው በአብዛኛው ሌሎችን በማሠልጠን ነው። በአገራችን እነዚህ ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ያለ ሥራ የቆየ አብራሪ ደግሞ ብቃቱን ለማደስ ወጪ አለበት። ከክፍያ በፊት "ማን ይቀጥረኛል?" በሉ ያልኩት ለዚህ ነው።

የሰዓት ብዛትና የሥልጠና ጥራት

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቁጥር 302 በረራ ከአዲስ አበባ ቦሌ ተነሥቶ ብዙም ሳይቆይ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው 29 ዓመታቸው ሲሆን ከ8,000 በላይ የበረራ ሰዓት ነበራቸው፤ የአየር መንገዱ ማሠልጠኛ ፍሬ ነበሩ። ረዳት አብራሪው አሕመድ ኑር መሐመድ ገና 361 ሰዓት ነበሩት። ሰዓቱ ማነሱን አንሥተው ጣታቸውን ወደ ረዳቱ የቀሰሩ ነበሩ። ምርመራው ያሳየው ግን አንድ የተሳሳተ ጠቋሚ መሣሪያ ያመነ የቦይንግ 737 ማክስ ሥርዓት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች እንደገፋ ነው። ያ የአውሮፕላን ዓይነት በመላው ዓለም ታግዶ በአሜሪካ ወደ በረራ ለመመለስ 20 ወር ያህል ፈጅቷል።

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም በመደበኛ 1,500 ሰዓት እንዲኖረው ትጠይቃለች። ሕጉን ያስወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 በቡፋሎ የደረሰው አደጋ ነው፤ ሆኖም ያን አውሮፕላን ያበሩ የነበሩት ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ ነበራቸው። ሰዓት ልምድ ይሰጣል፤ ሰዓቱን ሙሉ የሚያደርገው ግን በውስጡ የተማሩት ነው። ማሠልጠኛ ስትመርጡ ከሰዓቱ ቁጥር ጋር የአሠልጣኙንና የሲሙሌተሩን ጥራት አብራችሁ ጠይቁ።

ከደብተራችሁ እስከ ኮክፒት

"ይህ ትምህርት የት ይጠቅማል?" ለሚለኝ ተማሪ ይህን ስሌት እሰጠዋለሁ። አውሮፕላን በ24,000 ጫማ ከፍታ ወደ ባሕር ዳር እየመጣ ነው። ማረፊያው ከባሕር ወለል 6,000 ጫማ ያህል ከፍ ይላል። ስለዚህ 18,000 ጫማ መውረድ አለበት። አብራሪዎች ለእያንዳንዱ 1,000 ጫማ 3 ኖቲካል ማይል ብለው በቃላቸው ያሰላሉ፦ 18 ሲባዛ በ3፣ 54 ኖቲካል ማይል። አንዱ ኖቲካል ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ነውና 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከዳንግላ ባሕር ዳር ካለው የመኪና መንገድ ይበልጣል። በደቂቃ 5 ኖቲካል ማይል የሚሄድ ከሆነ ርቀቱን በ11 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል፤ ስለዚህ በደቂቃ ወደ 1,700 ጫማ መውረድ ይኖርበታል። አብራሪው ይህን የሚያሰላው ሬዲዮ እየሰማ ነው። ማባዛትና ማካፈል ያለ ካልኩሌተር ተለማመዱ የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የምትተነፍሱት አየር ነው። ቦሌ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ሞተር ኃይል ይቀንሳል፣ ክንፍም አውሮፕላኑን ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ ማኮብኮቢያው መርዘም ያለበት ለዚህ ነው። እንጅባራ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። የመንገደኛ አውሮፕላን 35,000 ጫማ ላይ ሲበር በውስጡ ያለው አየር በመደበኛ ከ8,000 ጫማ፣ ማለትም ከ2,440 ሜትር ገደማ፣ ከፍታ አየር የሳሳ እንዳይሆን ተደርጎ ይሠራል። የእንጅባራ ልጅ በየቀኑ የሚተነፍሰው ከዚያ ይሳሳል ማለት ነው። ግፊትና ጥግግት የሚለውን ምዕራፍ ከዚህ የተሻለ የሚማርበት ቦታ አላውቅም።

ዘንድሮ የሚሠራ

የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ተማሪ ዓይኑን ያስመርምር፣ ሒሳብና ፊዚክሱን መሠረቱ ላይ ያጽና፣ በየቀኑ ጮክ ብሎ እንግሊዝኛ ያንብብ። የ11ኛና የ12ኛው ቬክተር፣ ትሪጎኖሜትሪና የኤሌክትሪክ ምዕራፎችን ፈተናውን ካለፈ በኋላም አይርሳቸው፤ የነፋስና የአቅጣጫ ስሌት በእነሱ ላይ ይቆማል። በክልላችን ባለው ችግር ትምህርታቸው የተቆራረጠባቸው ደግሞ ያመለጣቸውን ምዕራፍ ለይተው ከመምህራቸው ጋር ይሙሉት፤ ፈተናው ያልተማሩትንም ይጠይቃልና። ሁለተኛ አማራጭም ይዛችሁ ሂዱ። የአውሮፕላን ጥገና፣ የበረራ ተቆጣጣሪነትና የበረራ መርሐ ግብር ሥራ ሙሉ ሙያዎች ናቸው፤ ተመሳሳይ ዝግጅትም ይፈልጋሉ።

የሥራ ባልደረቦቼን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሠልጣኝ ማስታወቂያ ሲወጣ ቀነ ገደቡ አጭር ነው፤ ገጠር ያለ ተመራቂ ጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ማስታወቂያውን ያየ መምህር በዚያው ቀን ትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ይለጥፈው፣ ለተመረቁ ተማሪዎቹም ስልክ ይደውል። ችሎታ ያለው ልጅ በእጃችን አለ፤ በሩ ሲከፈት መስማቱን ማረጋገጥ የእኛ ሥራ ነው።